ማታ በአራት አንደበት

የተገናኙት አሳንሰሩ በተበላሸ ቀን ነው።

የአባቷን የዓይን ጠብታ ልትወስድ አራት ፎቅ በእግሯ ወጥታለች። ደረቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ደህና አይደለም፤ ደረጃ ሲሆንማ ጭራሽ ይብስባታል። ኮሪደሩ ጫፍ ስትደርስ ግንባሯን በመዳፏ እየጠረገች የዓይን ክሊኒኩ ነው ያለችውን በር ገፋችው። ከበሩ በላይ ቀይ መብራት በርቶ ነበር፤ አላየችውም።

ውስጥ አራት ሰዎች ቆመዋል። ጠጉራቸው የነጣ ሸንቃጣ ሴት እጃቸውን አጣምረዋል። አንድ ትከሻ ሰፊ ጎልማሳ ኮፍያውን ደረቱ ላይ ይዟል። ፀሐይና የባሕር ጨው ፊቱን የለበለበው ሌላ ሰው ጣራውን ያያል። መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ደግሞ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። የሚንቀሳቀስ የለም። ሰው የሞተበት ቤት የገባች መሰላትና ክው አለች።

ከመስታወት ማዶ የተቀመጠ ወጣት፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንዳደረገ፣ ቀና ብሎ አያትና ጣቱን ከንፈሩ ላይ አኖረ። አልተቆጣም፤ እንዲያውም የሚለምን ይመስል ነበር። እሷም ካለችበት ሳትነቃነቅ ትንፋሿን ዋጥ አደረገች። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ደረጃ የወጣ ሰው ትንፋሽ ግን ብዙ አይታሰርም፤ መጨረሻ ላይ እንደ ፊኛ ፈነዳባት።

«አመሰግናለሁ» አለ ወጣቱ በድምፅ ማጉያው፣ ለሁሉም። ጉንጩ ውስጥ ግን ያፈነው ሳቅ ነበር።

ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው የክፍሉን ጸጥታ እየቀዱ እንደነበር ነገሯት። እያንዳንዱ ክፍል የራሱ ጸጥታ አለው። ድምፅ የሚቀዱ ሰዎች ሥራቸውን ሲያበቁ ሁሉም ዝም ብሎ እንዲቆም ያደርጉና ያንን ጸጥታ ይወስዳሉ፤ በቃልና በቃል መሐል የቀረውን ቀዳዳ በኋላ የሚደፍኑት በእሱ ነው። «አንቺ ደግሞ ነፋስ ቀላቀልሽበት» አሉ እየሳቁ።

ሽማግሌው ጡረታ የወጡ የቋንቋ መምህር ናቸው፤ ሁሉም ጋሼ ይሏቸዋል። ይቅርታዋን አስጨርሰው አንገታቸውን ዘንበል አደረጉና እስቲ «ማታ» በዪ አሏት።

«ማታ ምን?»

«ማታ ብቻ።»

«ማታ» አለች፣ ግራ እንደገባት።

ከመስታወቱ ማዶ ወጣቱ ካቀረቀረበት ቀና አለ። ጋሼ ወደ እሱ ዞረው በዓይናቸው ጠየቁት፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። የእኛን ቋንቋ የምታነብላቸው ልጅ በቅርቡ አግብታ ሌላ ከተማ ስለሄደች ምትክ ሲፈልጉ ነበር። የዓይን ክሊኒኩ በር ፊት ለፊት ነበር። ጠብታውን ይዛ ደረጃውን ስትወርድ ሥራ አግኝታለች።

ሥራው እንዲህ ነው። የከተማው ቤተ መጻሕፍት የማዳመጫ ክፍል ሊከፍት ነው። ሰው ገብቶ ይቀመጣል፣ ማዳመጫ ጆሮው ላይ ያደርጋል፣ አንድን ቃል ከሁለት፣ ከሦስት፣ ሲገኝም ከአራት ሰው አንደበት በየቋንቋቸው ይሰማል። ቃሉ ያው ነው፤ ትርጉሙ ግን አይገናኝም። «ማታ» ለእኛ ጀንበር ከጠለቀች በኋላ ያለው ጊዜ ነው። ለጃፓኖች «እንደገና» ማለት ነው። ለማላዮች ዓይን ነው። በስፓኒሽ ደግሞ «ይገድላል»።

ጋሼ ዕድሜያቸውን ለእነዚህ ቃላት ሰጥተዋል። አንዱ ቋንቋ ከሌላው የተዋሰው ቃል ሲያጋጥማቸው «ይሄ ወንድሙ ነው፣ ይውጣ» ይላሉ። የሚፈልጉት ሳይዛመዱ፣ ሳይተዋወቁ፣ አንዱ የሌላውን መኖር እንኳ ሳያውቅ አንድ መልክ ይዘው የተገኙትን ብቻ ነው። መንገድ ላይ አንድ ዓይነት ሸሚዝ ለብሰው የተገጣጠሙ ሰዎች ይሏቸዋል።

ጃፓንኛውን የሚያነቡት ጠጉራቸው የነጣው የፒያኖ አስተማሪ ናቸው። ስፓኒሹ የባለ ኮፍያው ነው፤ የእግር ኳስ አሠልጣኝ ነው። ማላይኛው ደግሞ መርከብ ላይ ምግብ ሲያበስል የኖረው የዚያ ፊቱ የተለበለበ ሰው። ሦስቱም የእኛን ቋንቋ በየራሳቸው መንገድ ይሰባብሩታል፤ አሠልጣኙ ሴቱንም ወንዱንም፣ አብሳዩንም ጋሼንም «አንቺ» ነው የሚለው። «ሱሪ» የተቀዳ ዕለት የፒያኖ አስተማሪዋ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በእሳቸው ቋንቋ ሱሪ ማለት ኪስ አውላቂ ነው። ከዚያ ወዲህ አሠልጣኙ በገባ ቁጥር ዝቅ ብለው ሱሪውን ያዩና ቦርሳቸውን ጠበቅ ያደርጋሉ።

ወጣቱ «ጸጥታ» ነው የሚባለው። እያንዳንዱ ቃል ከመነበቡ በፊት «ጸጥታ» ስለሚል ነው፤ ከዚያ ሌላ ሲናገርም ብዙ አይሰማም። ገመድ ሲጠቀልል እንደ ሕፃን እጅ አለስልሶ ነው። ማይክሮፎኑን ለእሷ ሲያስተካክል ከአገጯ በጣት ያህል ዝቅ ያደርገውና ወደ ኋላ ሄዶ ያየዋል፤ ተመልሶ ደግሞ ያንኑ ያህል ከፍ ያደርገዋል። አሠልጣኙ ይህን እያየ «አንቺ ጸጥታ፣ ፎቶ ነው ወይስ ድምፅ?» ይለዋል። እሱ ጆሮው ድረስ ይቀላል።

የሁለቱ ነገር የተጀመረው በዚያ በክፍሉ ጸጥታ ነው። በየቀኑ ሥራ ሲያበቃ ሁሉም ይቆማል። ጋሼ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ አብሳዩ ጣራውን ያያል። እሷ የምታየው ስታጣ መስታወቱን ታያለች። እሱም መሣሪያዎቹን አይቶ ይጨርስና የሚያየው ሲያጣ እሷን ያያል። መጀመሪያ ሰሞን ዓይናቸውን ያሸሹ ነበር። እየቆዩ ማሸሹን ተዉት። ማንም መናገር የማይፈቀድለት ጊዜ ነውና፣ መናገር ለማይሆንለት ሰው እንደዚያ የሚመች አልነበረም። እሷ ቀኑን ሙሉ ያንን ጊዜ መጠበቅ ጀመረች።

አንድ ቀን ሲወጡ ዝናብ ወረደ። በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ስታይ እሱ ከኋላዋ መጥቶ ጃንጥላውን ዘረጋላት።

«ካሳ» አለ።

ጠዋት ያነበቡት ቃል ነበር። ለእኛ ለበደል የሚከፈል ነው፣ ለአሠልጣኙ ቤት፣ ለፒያኖ አስተማሪዋ ደግሞ ጃንጥላ። የትኛው እንደሆነ ገብቷታል፤ ግን እንዲህ በቀላሉ ልትለቀው አልፈለገችም።

«የምን ካሳ? ምን በደልከኝ?»

ትንሽ አሰበ። «ያን ዕለት ደረጃ ወጥተሽ ትንፋሽሽን አስይዤሻለሁ።»

ሳቀችና አብረው ሄዱ። እሱ ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘንብሎ ግማሽ ትከሻውን ዝናብ መታው። ትንፋሿ ያስቸግረው እንደሆነ የጠየቀችው ያኔ ነው። ማይክሮፎን ፊት ስትቆም ከቃሉ በፊት ትንፋሿ ቀድሞ እንደሚገባ ታውቃለች፤ ዘይት የራቀው ትንሽ በር ሲከፈት የሚያሰማውን ዓይነት ድምፅ አለው። ድሮ አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ለፈተና ሄዳ ነበር። ፈታኙ ድምፅሽ ጥሩ ነው፣ ችግሩ ሳንባሽም አብሮሽ ያነባል ብሎ መለሳት። ይህን ስትነግረው ቀልድ አድርጋው ነበር። እሱ አልሳቀም። ቤቷ እስኪደርሱ ሌላ ነገር አልተናገረም፤ ዝናቡም ቆሞ ነበር፣ ጃንጥላውን ማጠፉንም ረስቶታል።

ቤቷ አንድ ክፍልና ኩሽና ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ የስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር ተከድኖ ተቀምጧል፤ አልፎ አልፎ መዘውሩን በእጃቸው ያዞሩታል። እናቷ ገና በጨቅላነቷ ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ብቻ ናቸው። ቀን ቀን እሷ ሥራ ስትሄድ ብቻቸውን ይውላሉ። በቅርቡ ማንቆርቆሪያ ጥደው ረስተው፣ ጎረቤት ጭስ አይቶ ነው የደረሰላቸው።

ይህን የሰሙት አክስቷ፣ የአባቷ ታላቅ እህት፣ ሻንጣ ይዘው ከተፍ አሉ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ በሌላ ከተማ ሰፊ ቤት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ወንድሜንም አንቺንም ይዤ ነው የምሄደው፣ ክፍሉ ሞልቷል አሉ። እሷ ሥራ እንዳላት ስትነግራቸው ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ ጠየቁ። ነገረቻቸው።

«ቃል ተናግረሽ ይከፈልሻል?» አሉ አክስቷ። «እኔ ይህን ሁሉ ዓመት በነፃ ስለፈልፍ ኖሬያለሁ።»

አባቷ በሳቅ ፈረሱ። እህታቸው ግን ነገሩን አልተዉትም። ዓይነ ስውር ሰው ከእሳት ጋር ብቻውን አይውልም አሉ፤ እሷም ጭሱን አልረሳችም። ስለዚህ ተስማሙ፤ ቀረጻው እንዳለቀ አብረዋቸው ይሄዳሉ።

በማግሥቱ ለጸጥታ ነገረችው። ገመድ እየጠቀለለ ነበር። ጠቅልሎ ጨረሰ፣ ፈታው፣ እንደገና ጠቀለለው። ከዚያ ከመሄዷ በፊት ሥራቸውን አባቷ ቢሰሙት ደስ እንደሚለው፣ እሑድ ከሰዓት ቤት ድረስ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ነገራት። ይህን ያህል ሲናገር ሰምታው አታውቅም። ሰው ድምፅ ለማሰማት ብቻ እንደዚያ አያልበውም ብላ አሰበች። ቅዳሜ መጋረጃውን አጠበች። አክስቷ መጋረጃውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ ዝም አሉ፤ ለእሳቸው ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

እሑድ መጣ። ጠጉሩን በውኃ አስተኝቶ፣ ድምፅ ማጉያውን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። አክስቷ ከላይ እስከ ታች ተመለከቱትና ጸጥታ የምትሉት ይሄ ነው፣ ስሙ አልዋሸም አሉ። አባቷ ከወንበራቸው ሳይነሱ እጃቸውን ዘረጉለት፤ እጁን ይዘው የሸሚዙን እጀታ በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይሄን ቁልፍ ራስህ ነህ የተከልከው» አሉት።

«አዎ አባባ።»

«ክሩ በዝቷል። ግን አይወልቅም።»

ይህ መልካም ጅማሬ ነበር። እሷ ሻይ ልትጥድ ኩሽና ገባች። ስትመለስ ማጉያው ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እሱ ደግሞ ስጦታ ይዞ እንደ መጣ ሰው ይቁነጠነጥ ነበር። ስጦታ ይዞም ነው የመጣው፤ እሷ ገና አላወቀችም።

«ማታ» አለ ማጉያው። «ማታ። ማታ። ማታ።»

አባቷ ጆሯቸውን ወደ ጠረጴዛው አስጠጉ። እንደገና አሰሙኝ አሉ። አሰማቸው። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ በቀስ ሄደ።

«ልጄ የትኛዋ ናት?»

«ዓይንህ ሄደ፤ ጆሮህም ተከተለው እንዴ ወንድሜ?» አሉ አክስቷ። ማንም አልሳቀም።

«ሦስተኛዋ እኔ ነኝ አባባ።»

«አይደለሽም» አሉ። «ድምፁ ያንቺ ነው። አንቺ ግን እዚያ የለሽም።»

ከዚያ ማጉያው ወዳለበት ፊታቸውን እንዳዞሩ ተናገሩ። ልጅ ሳለች ደረቷን ሲያማት ከመኪናቸው አጠገብ ያስተኟት ነበር። ትንፋሿ እየተሰማቸው ይሰፉ ነበር። ድንገት ጸጥ ስትል ጨርቁን መርፌው ላይ ትተው ይነሳሉ፤ እጃቸውን አፍንጫዋ ሥር አድርገው ሙቀቱ ሲሰማቸው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። «እንዲያ ነው ያሳደግሁሽ» አሉ። «አሁን ይሄን ስሰማ እጄን ልሰድ ነበር።»

እሷ ወደ ጸጥታ ዞረች። ፊቱ ዐመድ መስሏል።

«ትንፋሼን ቆርጠኸዋል?»

«አዎ።»

«ሁሉንም?»

«ከቃሉ በፊት ያለውንም በኋላ ያለውንም።»

«ቀዳዳውን በምን ደፈንከው?»

ዓይኑን ወደ ማጉያው መለሰ። ጥያቄውን ደገመችለት።

«በክፍሉ ጸጥታ» አለ።

ለካ እያንዳንዷ ምሽት፣ ከመስታወቱ ወዲህና ወዲያ ቆመው የተያዩባት ያቺ ጊዜ ሁሉ፣ እሷን ለመሸፈን ውላለች። 

«ያ ጸጥታ የሁለታችን መስሎኝ ነበር» አለች።

እሱ ለአንቺ ብዬ ነው አለ፤ ያ የሬዲዮ ሰውዬ እንዳደረገሽ ሌላ ሰው እንዳይመልስሽ ብዬ ነው አለ። ቃሎቹ ተራ በተራ ይደናቀፉበት ነበር።

«እዚህ ሥራ ላይ ማንም አልመለሰኝም» አለችው። «አንተ ነህ የመለስከኝ።»

ገመዱን ሳይጠቀልል እንደ ጆንያ አፍሶ ያዘው። አክስቷ እንኳ አሳዘናቸውና ሻይህን ጠጣ እንጂ ልጄ አሉት። አልጠጣም። ሊናገር ይዞት የመጣውን ነገር ይዞት ተመለሰ። እሷ የቀዘቀዘውን ሻይ ደፍታ ለአክስቷ በሚቀጥለው ሳምንት እንሂድ አለቻቸው።

በኋላ ጋሼ እንደነገሯት፣ ጸጥታ በማግሥቱ ጠዋት ስቱዲዮ ሲገቡ በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። የሁሉንም ሰው ትንፋሽ አጽድቶ፣ የድምፃቸውን ከፍታ አስተካክሎ፣ ቃሎቹን እንደ ጥርስ ደርድሯቸው ነበር። ጋሼ ገና አልሰሙትም ነበርና አሰማቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡ።

«አንድ ሰው ነው እንዴ አራት ጊዜ ያለው?» አሉ።

ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ቁጭ አሉ። የፒያኖ አስተማሪዋ ቃል ከመናገራቸው በፊት ቁልፍ ሊነኩ እንደሚሉ ሁሉ ትንሽ አየር ይስባሉ። አሠልጣኙ ፊሽካ እንደሚነፋ ሰው ደረቱን ይሞላል። አብሳዩ ቃሉን ሲጨርስ ክዳን እንደተነሳለት ድስት እፍ ይላል። የልጅቷን ደግሞ አንተ ታውቀዋለህ አሉት።

«እኔ የደከምኩት መልካቸው አንድ መሆኑን ለማሳየት አይደለም፣ ልጄ» አሉት። «አንድ መልክ ይዘው አራት ሰው መሆናቸውን ለማሳየት ነው። አንተ አራቱን ሰው አስወጥተህ መልኩን አስቀረህልኝ።»

የሦስቱ ሰዎች ያልተነካ መነሻ ቀረጻ አለ። የእሷ ግን የለም። ጸጥታ የሌሎቹን ግልባጩ ላይ ነበር የሠራው፤ የእሷን መነሻው ላይ ቆረጠ፣ ያን ትንፋሽ ማንም ዳግም አግኝቶ እንዳይስቅበት ብሎ። ጋሼ ይህን ሲሰሙ አልጮሁም። ሄደህ ለእሷ ንገራት አሉት።

ጸጥታ የመጣው እነሱ ዕቃ በሚያስሩበት ጠዋት ነው። አክስቷ የስፌት መኪናውን ራስ በብርድ ልብስ ጠቅልለው በገመድ ሲያጠብቁ በሩ ተንኳኳ። አባቷ ግባ ቢሉትም ደፉ ላይ እንደቆመ ቀረ። አስቀድሞ ለመናገር የእሳቸውን ፈቃድ ጠየቀ፤ ፈቀዱለት። ለጋሼ የነገራቸውን ሁሉ ነገራቸው፤ መነሻው እንደሌለም አልደበቀም። ከዚያ ወደ እሷ ዞረ።

«ለአንቺ ብዬ ነው ብዬሽ ነበር። አልነበረም። ፈርቼ ነው። ሰው ሲስቅብሽ ብሰማ ምን እንደምሆን ስለማላውቅ ለራሴ ፈርቼ ነው።»

እሷ የታጠፈ አንሶላ ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች።

«እሑድ የመጣሁት ድምፅ ላሰማ ብቻ አልነበረም» አለ። «አባባን የምጠይቃቸው ነገር ነበረኝ። አሁን ለመጠየቅ ፊት የለኝም። ግን ቃሎቹን እንደገና አንብቢያቸው። እኔን ብትተዪኝ እንኳ እነሱ ከትንፋሽሽ ጋር ይቅሩ።»

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሚናገረው አለቀበት። አክስቷ ገመዱን ይዘው ቀሩ። የጠየቁት አባቷ ናቸው።

«እያንዳንዱን ነው የቆረጥከው?»

«አዎ አባባ።»

«እያንዳንዱን ሰምተህ?»

«ሳይሰሙ አይቆረጥም።»

አባቷ እጃቸውን ወደ ልጃቸው ዘረጉ፤ መጥታ ያዘችው። «እኔ እንቅልፍ ጥሎኝ ያመለጡኝ አሉ» አሏት ቀስ ብለው። «ይሄ ልጅ ግን አንዱም አላመለጠውም።»

እሷ ስትናደድ ያላሰበችው ይህን ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ሰዎች ትንፋሿን ሲሰሙ ወይ ይስቃሉ ወይ ውኃ ያቀርባሉ። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ አንዱን ከአንዱ እየለየ ሰምቶታል። የሰማውን ምን እንደሚያደርገው አላወቀበትም እንጂ። ቁጣዋ ሙሉ በሙሉ አልሄደም፤ ግን ከሥሩ ሌላ ነገር ተነሳ፣ ያም ምስጋና እንደሆነ ስታውቅ ለራሷም ገረማት።

«ከመስታወቱ ማዶ ተቀምጠህ ከሆነ አላነብም» አለች። «መሣሪያህን ከፍተህ ወዲህ ግባ። አጠገቤ ቆመህ ስማኝ።»

«የእኔም ትንፋሽ ይገባል» አለ።

«ይግባ።»

አክስቷ የያዙትን ገመድ አዩት። ታዲያ ይሄን ብረት የምሸከመው ብቻዬን ነው ማለት ነው ሲሉ ለማንም ሳይሆን ተናገሩ። አባቷ ሳቅ ብለው አንቺስ ምን አስቸኮለሽ እህቴ፣ እዚያ የሚጠብቅሽ ማነው አሏቸው። አክስቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ ሰዓቱ ሲቆጥር ማዳመጥ ሰልችቷቸው እንደነበር ያን ዕለት ነው የተናገሩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ፤ ራሳቸው አጥብቀውት ስለነበር ጥፍራቸው ተሰበረ፣ ቋጠሮውንም ማን እንዳሠረው እንደማያውቁ ሆነው ረገሙት።

ቀረጻው እንደገና ሲጀመር አሠልጣኙም፣ አብሳዩም፣ የፒያኖ አስተማሪዋም ሳይጠሩ መጡ። እሷ ብቻ ነበረች የምታነበው፤ ግን ቃሉ ብቻውን መቆም አይወድም አሉ አስተማሪዋ በተሰባበረ አነጋገራቸው። ጸጥታ መሣሪያውን ከፍቶ ወደ ውስጥ ገባ። ከመስታወቱ ወዲህ ሲቆም አጭር መስሎ ታያት። እጁን የት እንደሚያደርግ ቸገረው። ማንም «ጸጥታ» ሳይል ማንበብ ጀመረች። ዳር። ማር። ሳል። ስታነብ እሱ አጠገቧ ይተነፍሳል፤ እሷ አየር ስትስብ እሱም ሳያውቀው ይስባል። አሠልጣኙ ኮፍያውን አፉ ላይ ጭኖ ሳቁን አፈነ። ጋሼ ይህንን አንድም ቦታ አትንኩብኝ አሉ።

የመጨረሻው ቀን አባቷና አክስቷም ሊሰሙ መጥተው ነበር። ሲጨርሱ ገና ጀንበር ስላልጠለቀች በእግር እንሂድ ተባለ። ወደ ቤታቸው የሚወስደው መንገድ ዳገት ነው። አክስቷ ዳቦ ልግዛ ብለው ከፊት ቀደሙ። ጸጥታ አባቷን ክንዳቸውን ይዞ መራቸው። ዓይነ ስውር ሰው መርቶ ስለማያውቅ ድንጋይ ባየ ቁጥር ይቆማል፤ አባቷ ይህን መንገድ ከአንተ እኔ አውቀዋለሁ፣ ዝም ብለህ ክንድህን ስጠኝ አሉት። እሷ ከኋላ ቀስ እያለች ትወጣለች።

መሐል ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ጸጥታ ቆመ። ለመናገር ያን ያህል ድፍረት የሰጠው ምናልባት የማይታይ መሆኑ ሳይሆን አይቀርም። ልጃቸውን እንዲሰጡት፣ የእሑዱን ጥያቄ ጠየቃቸው፤ አጭር ነበር፣ አንድም ቃል አልተደናቀፈበትም።

አባቷ ክንዱን ጠበቅ አድርገው ያዙ። «እኔስ እያንዳንዱን መስማትህን ያወቅሁ ዕለት አመስግኜ ጨርሻለሁ» አሉ። «እሷ ስትደርስ ራሷን ጠይቃት።»

ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ታች አዙረው ጠበቁ። ከታች በኩል ትንፋሿ ይሰማ ነበር፤ ሲቀርብ፣ ትንሽ ሲያርፍ፣ እንደገና ሲቀርብ። አንዳቸውም ቶሎ ነይ አላሏትም። አባቷ ከንፈራቸው ላይ ፈገግታ ይዘው በጣታቸው የእጀታውን ቁልፍ ያዞራሉ።

ደረሰች። ፊቷ ቀልቷል፤ አንድ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋለች። ምን ሆናችሁ ነው የቆማችሁት ልትል ነበር፤ ግን አየር አልበቃትም። እሱ ጥያቄውን ለእሷም ያንኑ ያህል አጭር አድርጎ ነገራት።

እጇን አነሳች፤ ቆይ ማለቷ ነው። ጠበቃት። ከኋላቸው አንድ ብስክሌት ደወሉን እየነካ ወረደ። ከዳገቱ ጫፍ አክስቷ ዳቦውን ይዘው ምን ተገኘ ብለው ይጣራሉ። እሱ መልሱን ለመስማት አልቸኮለም፤ ከመልሱ በፊት የሚመጣውን እየሰማ ነበር።

መጀመሪያ ትንፋሿ መጣ፣ ከዚያ «እሺ»፣ ከዚያ ደግሞ ትንፋሿ።